ከማሽኑ በፊት መከታው



በዚህ ዓመት በቤታችን ደጋግሞ የተነሣ፣ ብዙ ምሽት ያነጋገረን፣ በጸሎትም የያዝነው አንድ ጉዳይ አለ፤ የመበየጃ ማሽን መግዛት። የመጋቢን ቤትና የመበየጃ ማሽንን ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኛቸው የእህታችን ልጅ ነው። ከሆሳዕና መጥቶ እዚህ ቤቴል ከእኛ ጋር ይኖራል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ ተምሮ ጨርሷል፤ ሥራ ሲገኝ በቀን ሒሳብ ግንባታ ላይ ይውላል። ማታ ማታ ደግሞ ከጋራዥ የተጣለ ዳዶ፣ ብሎን፣ ካንዴላና የሳይክል ካቴና ሰብስቦ ትንንሽ ነገሮች ይሠራል፤ ወፍ፣ ጭነት የተጫነች አህያ፣ ጀበና ይዛ የተቀመጠች ሴት።

ችግሩ ማያያዣው ነው። በሽቦ ያሰረው ይላላል። በሰፈራችን በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆች ሥራ ሲቀንስላቸው ይበይዱለታል፤ ነገር ግን ማሽናቸውን ለወፍራም ብረት እንዳስተካከሉት ስለሚነኩበት ስሱን ላሜራ ይበሳዋል። አንድ ቀን ክንፏ የተበሳ ወፍ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ለበር የተዘጋጀ እሳት ለወፍ አይሆንም» አለን።

በቤት ያለው ገንዘብ ለሮቶ የተጠራቀመ ነበር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሮቶ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። በሌላ በኩል የልጁ እኩዮች አንድ በአንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀምረዋል፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር በስልክ ሲያወራ ያመሻል። ማሽኑን እንግዛ ወይስ ሮቶውን ስንባባል፣ ስለ ልጁ መቅረትና መሄድም እየተነጋገርን እንደ ነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የተቀረጸ ምስል አይሆንም ወይ?

ወሬው ሲሰማ አንድ ወንድም ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ፓስተር፣ እቤትዎ የብረት ወፍና የብረት ሰው ይሠራል አሉ፤ የተቀረጸ ምስል አይሆንብንም ወይ?» ብሎ ጠየቀን። በቅንነት ስለ ጠየቀ በቅንነት መለስንለት። ለምስል መስገድን የሚከለክለው ትእዛዝ በዘጸአት 20 ላይ ይገኛል። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 31 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅ በብርና በናስ እንዲሠራ መንፈሱን እንደ ሞላበት እናነባለን፤ ኤልያብንም ረዳት አድርጎ ሰጥቶታል። ከተሠሩት ነገሮች መካከል ክንፋቸውን የዘረጉ ኪሩቤል ነበሩ። ሙሴ በእግዚአብሔር ቃል የሠራው የናስ እባብ ግን ሕዝቡ ሲያጥንለት ጊዜ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ኛ ነገሥት 18)። ድንበሩ ያለው በመሥራትና በመስገድ መካከል ነው። የእኛ ልጅ ለወፏ አይሰግድም፤ የሚጸልየው ገዢ እንዲያገኝላት ነው።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ሌላም ያደረ ነገር አለ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለዘመናት ተንቆ ኖሯል፤ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባለ ተሰድቧል። ማረሻውንና ማጭዱን ከእጁ የተቀበለው ሰው ማዕድ ሊያጋራው አልወደደም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል። ከዚያ ቀደም ብሎ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሰሉ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፍረው ነበር። ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ይዘው መጡ፤ ንጉሡ ግን መድፍ አሠሯቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የወጣው ከዚያ እሳት ነው።

እሳቱ መድፍም ወፍም ያወጣል። ስለዚህ ስለ ማሽን ዓይነት ከመጠየቃችን በፊት ልጁን፣ «በእሳቱ ምን ልትሠራ ነው?» ብለን ጠየቅነው። መልሱን በወረቀት ጻፈልን። ከሚሠራቸው ነገሮች መካከል ከአንድ ክንድ የሚረዝም የለም። ላሜራው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ዳዶው፣ ብሎኑና ቁርጥራጭ ፌሮው ወፈር ይላል። ጌታ ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረውን ምሳሌ (ሉቃስ 14) እያሰብን፣ ያንን ወረቀት ይዘን ወጪ መቁጠር ጀመርን።

አራት ዓይነት እሳት

ለቤት የሚታሰበው ብየዳ በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የጋዝ ብየዳ ነው፤ ኦክስጅንና አሴቲሊን። ብረትን አግሎ ለማጠፍና በነሐስ ለማያያዝ ይመቻል፤ ለጥበብ ሥራ የሚወዱት ብዙ ናቸው። ነገር ግን የአሴቲሊን ሲሊንደር ተጋድሞ አይሠራበትም፣ ከሙቀትም መራቅ አለበት። የኦክስጅን ቧንቧና መቆጣጠሪያ ዘይትና ግራሶ ከነካው እሳት ሊነሣ ይችላል። ልጆች በሚሮጡበትና ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ይህን አናስገባም ብለን ተውነው።

ሁለተኛው ሽቦ እየመገበ የሚበይደው ነው፤ ሚግ ይሉታል። ለስስ ላሜራ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው፤ ጀማሪም ቶሎ ይለምደዋል። ሲሊንደርና የጋዝ መሙያ ወጪ ግን አለበት። ደጅ ላይ ሲሠሩ ትንሽ ነፋስ ጋዙን ይወስደውና ብየዳው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ያለ ጋዝ የሚሠራ ሽቦም አለ፤ ጭሱና ፍንጣሪው ይበዛል፤ ሽቦው ሲያልቅ እንደ ኤሌክትሮድ ከየትኛውም ሱቅ ብድግ ተደርጎ አይገዛም።

ሦስተኛው ቲግ ነው። ንጹሕ አርጎን ይፈልጋል። ለማይዝግ ብረት፣ ለማንኪያና ሹካ ሥራ፣ እንደ ክር ለቀጠነ ብየዳ የሚተካከለው የለም። ግን በአንድ እጅ ችቦውን በሌላው እጅ ዘንጉን መያዝ፣ ብረቱንም እጅግ ማጽዳት ይጠይቃል። ለነገ የሚቀመጥ ነው።

አራተኛው ሁላችንም በየመንገዱ የምናየው የኤሌክትሮድ ብየዳ ነው። ሲሊንደር የለውም፤ ነፋስ ብዙም አያግደውም፤ ኤሌክትሮዱ በየብረታ ብረት ሱቁ አለ። ለስስ ብረት አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን በቀጭን ኤሌክትሮድና በተረጋጋ ማሽን ይቻላል። ልጁም የተማረው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ተስማማን።

ቁጥሩ የሚናገረው

የኤሌክትሮድ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትራንስፎርመር ነው፤ ከባድ፣ ጠንካራ፣ ቢቃጠልም ጠምጣሚዎች የሚጠግኑት። ከቆጣሪው ብዙ ስለሚስብ ግን ሲጀመር የጎረቤት አምፖል ሳይቀር ይደበዝዛል፤ በዝቅተኛ አምፒርም አርኩ ቶሎ ይጠፋል። ሁለተኛው ኢንቨርተር ነው፤ በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ኃይል የሚቆጥብ፣ አርኩ የረጋ። ድክመቱ የውስጡ ሰሌዳ ነው፤ የግራይንደር ብናኝ ከገባበትና መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ካገኘው ይጎዳል። ሥራ ሲያልቅና መብራት ሲጠፋ መንቀል፣ ግራይንደሩንም ከማሽኑ ራቅ አድርጎ መጠቀም ግድ ነው።

ለትንንሽ ሥራ ኢንቨርተሩን መረጥን። እዚህ ላይ ግን ገዢ ሁሉ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ፊቱ ላይ በትልቁ 250 ወይም 300 የተጻፈበት ማሽን ሁሉ ያንን ይሰጣል ማለት አይደለም። እውነተኛው ነገር ያለው ከኋላ ወይም ከጎን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ነው። በዚያ ላይ «ኤክስ» በምትባለው የላቲን ፊደል አጠገብ የመቶኛ ቁጥር አለ። በ160 አምፒር 60 በመቶ ቢል፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በይዶ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። ሰሌዳ የሌለው ማሽን ምስክር እንደሌለው ሰው ነው። የእነዚህ ማሽኖች ዓለም አቀፍ መመዘኛ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የተዘጋጀ መሆኑንም እናስታውስ። አዲስ አበባ ከዚያ እጥፍ በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ማሽኑ በደንብ አይቀዘቅዝም። እዚህ ዕረፍቱን ጨመር ማድረግ ይሻላል።

ለወፍና ለአህያ ስንት አምፒር ይበቃል? 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ40 እስከ 60፣ 2.5 ሚሊ ሜትሩ ከ60 እስከ 90 አምፒር ገደማ ይፈልጋል። በእሽጉ ላይ 6013 የሚል ቁጥር ያለው ኤሌክትሮድ ለስስ ብረትና ለጀማሪ ይስማማል። ኢንቨርተሩ ቀጥተኛ ኃይል የሚሰጥ ከሆነ፣ ኤሌክትሮዱን በቀናሽ በኩል ማሰር ላሜራው እንዳይበሳ ይረዳል። ዋናው ጥያቄ ማሽኑ ወደ ላይ እስከ ስንት ይደርሳል የሚለው ሳይሆን ወደ ታች እስከ ስንት ወርዶ ሳይጠፋ ይቆያል የሚለው ነው። ሱቅ ውስጥ ስንቆም ልጁ፣ «40 ላይ አድርጉልኝና ልሞክረው» ሲል ሻጩ ተገረመ፤ ለካ ሰው ሁሉ የሚሞክረው በትልቁ ቁጥር ነው። እኛም ቆመን ስናይ በአገልግሎት ውስጥ የሰነበትንበትን አንድ እውነት አሰብን፤ የሰው ኃይል የሚታወቀው ዝቅ ባለ ጊዜ መርጋት ሲችል ነው።

ስለ ቆጣሪውም ጠየቅን። 2.5 ሚሊ ሜትሩን በ80 አምፒር ሲበይድ አንድ ደህና ኢንቨርተር ከ220 ቮልቱ ከ12 እስከ 15 አምፒር ያህል ይስባል፤ በ160 ሲሠራ ወደ 30 ይጠጋል። በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ላይ ይህን መጫን ቤት ማቃጠል ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተን ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ብሬከርና የመሬት ገመድ አስገባን።

የጣሪያው መከታ

በዘዳግም 22 ላይ ብዙ የማይሰበክበት አንድ ሕግ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ሰውየው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ገንዘቡ የሚሠራው ነገር ለሌላው ሰው መውደቂያ እንዳይሆን እግዚአብሔር ይገደዋል። በእኛ አገር የብየዳ ሥራ ሲጀመር ገንዘቡ ሁሉ ለማሽኑ ይወጣና ለመከታው የፀሐይ መነጽር ይቀራል። የፀሐይ መነጽር ደግሞ መከታ አይደለም።

በጉባኤያችን ወደ ሠላሳ ዓመት የበየዱ አንድ አረጋዊ አባት አሉ። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ስለ ማሽኑ ምክር ስንጠይቃቸው የማሽን ስም አልጠሩልንም። «ፓስተር፣ የመጀመሪያውን ብር ለዓይኑ ያውጡለት። ማሽን ቢበላሽ ይጠገናል» አሉን። ምክራቸውን ተቀበልን፤ የግዢውን ቅደም ተከተልም በእርሱ አደረግን።

መጀመሪያ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ማስክ ገዛን፤ ከ60 እስከ 160 አምፒር ለሚሆን ብየዳ የሚመከረው 10 ቁጥር መስታወት ነው። የብየዳ ብርሃን ዓይንን ሲያቃጥል ወዲያው አይታወቅም፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሌሊት ላይ አሸዋ የተጨመረበት ያህል ይቆረቁራል። ድንች ቆርጦ ዓይን ላይ ማሰር መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ከማስኩ ቀጥሎ የቆዳ ጓንት፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ለግራይንደሩም የተለየ ጥርት ያለ መነጽር ገዛን። የናይሎን ልብስ ለብሶ መበየድ አይፈቀድም ብለን ቤታዊ ሕግ አወጣን፤ ቆዳ ላይ ቀልጦ ይጣበቃልና።

ሁለተኛው መከታ ለሳንባ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ቁራጭና የሚያብረቀርቅ ብሎን ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ወተት ጠጣበት የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል፤ ወተት ወደ ሆድ ይወርዳል እንጂ ጭሱ የገባበት ሳንባ ውስጥ አይደርስም። ልጁ ትንንሾቹን ብሎኖች ደጅ ላይ አቼቶ ውስጥ ያሳድርና ዚንኩ ሲለቅ አጥቦ ያደርቃቸዋል። ግራሶ ያለበትንም በቤንዚን ሳይሆን በሳሙና ያጥባል። ሲበይድ በረንዳው ዳር ነፋስ በጀርባው እንዳይሆን፣ ጭሱም ወደ ፊቱ እንዳይመጣ በጎን ይቆማል።

ሦስተኛው መከታ ለጎረቤት ነው። ብርሃኑ በአጥር ቀዳዳ የሚያጮልቁ ሕፃናትን ዓይን ይጎዳል፤ ስለዚህ በአንግል ብረት ላይ ያረጀ ላሜራ አስመትተን መጋረጃ ሠራን። ፍንጣሪ 10 ሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ የጨርቅ ኮርኒስ ባለበት ክፍል ውስጥ አይበየድም። አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገቡ ይኖራል፤ ሥራ ካበቃ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቦታውን የሚያይ ሰው አይጠፋም። በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ መበየድ የለም። ግራይንደር ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይጮኽም፤ ጎረቤታችንን በእሁድ እየሰበክን በሰኞ እንቅልፍ ልንነሣው አንችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ አጠንክረን ተናገርን፤ የተዘጋ ነገር አይበየድም። መርካቶ ምን አለሽ ተራ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ ሲሆን፣ የተጣለው ሁሉ ዳግመኛ ሥራ ሲያገኝ ማየት ልብ ያሞቃል፤ ልጁም ቅርጽ ያለው ቁራጭ የሚለቅመው ከዚያ ነው። ነገር ግን ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበት ዕቃ ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጡ አለ፤ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ክዳኑ የተዘጋ ኩሽኔታም ሲግል ሊፈነዳ ይችላል።

የተዋስነው ምሳር

መከታው ተገዝቶ ሲያልቅ ለማሽኑ የቀረው ገንዘብ አነሰ። ያኔ ቸኩለን ርካሹን አልገዛንም። በ2ኛ ነገሥት 6 ላይ ከነቢያት ልጆች አንዱ እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ውኃ ውስጥ ወደቀበት፤ ያስጮኸው የተዋሰው መሆኑ ነበር። የተዋሰውን ዕቃ እንዲህ የሚፈራ ሰው ማዋስ ያስደስታል። ልጁ በሰፈሩ ካሉት በር ሠሪዎች ኢንቨርተር ያለውን ለምኖ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሊያግዘው፣ በምላሹም ማታ ማሽኑን ሊዋስ ተስማማ። ሁለት ወር በዚህ ሠራ። የትኛው አምፒር ለየትኛው ላሜራ እንደሚሆን፣ የትኛው ማሽን በእኛ መስመር ላይ እንደሚረጋ የተማረው በእነዚህ ሁለት ወራት ነው። ባላዋቂነት ከመግዛት ተዋውሶ መማር ምን ያህል እንደሚያተርፍ አየን።

ከዚያ በኋላ 160 አምፒር በሰሌዳው ላይ የተጻፈበት፣ እስከ 20 አምፒር የሚወርድ፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ እዚሁ ከተማ ያለ ማሽን ገዛን። ሮቶው ለዘንድሮ ቀርቷል፤ ጀሪካን እንሞላለን። ቤተሰቡ ሁሉ በዚህ ተስማምቷል ብንል ማጋነን ይሆናል፤ ውኃ የምትቀዳው እህት አልፎ አልፎ ወፎቹን በክፉ ዓይን ታያቸዋለች።

ልጁ ይቀራል ወይስ ይሄዳል? እኛ በእጁ መሣሪያ ሰጠነው እንጂ እግሩን አላሰርነውም። ወንድሞቹ አሁንም ይደውላሉ። አሁን ግን ሲደውሉ እርሱም የሚያሳያቸው ነገር አለው፤ ስልኩን ወደ ወፎቹ አዙሮ፣ «ይህችኛዋ ተሸጣለች» ሲላቸው ሰምተናል።

ወገኖች ሆይ፣ በቤታችሁ በእጁ ነገር የሚሠራ ልጅ ካለ፣ በሙያው አታሳፍሩት። መሣሪያ ሲጠይቃችሁ ቸኩላችሁ አትግዙ፣ ዘግይታችሁም ልቡን አትስበሩ። ምን ሊሠራ እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ዋጋውን አብራችሁ ቁጠሩ፤ የመጀመሪያውን ብር ለዓይኑ፣ ለሳንባውና ለጎረቤቱ አውጡ። በየቤታችሁ በእጃቸው የሚሠሩትን ጌታ ይባርክ፤ ዓይናቸውን ይጠብቅ።